በስሜ የወጣው ሲም ማን እጅ ገባ?

ባለፈው እትም ስለ ሲም ካርድ ምዝገባ ጽፌ ነበር። ከዚያ ወዲህ የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ወደ አንድ ጉዳይ ያደላሉ። ሞባይል መንገድ ዳር ለተጠመደ ፈንጂ ሲውል ምን ይደረጋል? ዱካው እንዴት ይገኛል? ንጹሕ ሰውስ ከጣጣው እንዴት ይድናል? በኔትወርክ ሥራ ብዙ ዓመት ያገለገልኩ ሴት ነኝና የምችለውን እመልሳለሁ። ስልኩ ከፈንጂው ጋር እንዴት እንደሚገናኝ የጠየቃችሁኝም አላችሁ። እሱን አልጽፍም። ለአንባቢ የሚጠቅመው መከላከያውና ፍለጋው ነው።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ የምኖረው አራት ኪሎ ነው። የመጀመሪያ ልጄ ሶማሊያ በሰላም ማስከበር ላይ ነው ያለው። እዚያ መንገድ ላይ የሚቀበር ፈንጂ በሞባይል ይፈነዳል ሲሉ ሰምቼ እንቅልፍ አጣሁ። በእጃችን ያለው ስልክስ ሰው ሲደውልበት ሊፈነዳ ይችላል? ወታደሮቹስ ምን መከላከያ አላቸው?

መልስ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ ስለ እጅዎ ስልክ ስጋት አይግባዎት። ስልክ ስለተደወለበት አይፈነዳም። ጉዳት የሚያደርሰው ፈንጂው ነው። ስልኩን ወንጀለኞች የሚጠቀሙበት ከሩቅ ሆነው ትእዛዝ ለማድረስ ብቻ ነው።

ልጅዎ ያለበት የአፍሪካ ኅብረት ተልእኮ ስሙ ብዙ ጊዜ ተቀያይሯል። የኢትዮጵያ ወታደሮች በጥር 2006 ዓ.ም. ሲቀላቀሉት አሚሶም ነበር፤ በ2014 አትሚስ ሆነ፤ ከ2017 ወዲህ ደግሞ አውሶም ይባላል። መንገድ ዳር የሚጠመደው ፈንጂ ግን በሁሉም ዘመን አልቀረላቸውም።

መከላከያው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ጃመር የሚባለው መሣሪያ ነው። ሞባይል ከኔትወርክ ማማ ጋር የሚነጋገረው በታወቁ ሞገዶች ላይ ነው፤ 900፣ 1800፣ 2100 ሜጋኸርዝ እያለ ይቀጥላል። ጃመር በነዚያው ሞገዶች ላይ ጫጫታ ይረጫል። በአካባቢው ያለ ስልክ የማማውን ድምፅ መለየት ያቅተዋል፤ ጥሪም መልእክትም አይገባለትም። መኪናው አልፎ ሲሄድ ሁሉም ወደ ነበረበት ይመለሳል። ይህ ነገር በብዛት የተለመደው ኢራቅ ውስጥ ነው። እዚያ ሞባይል የተስፋፋው ከ1995ቱ ወረራ በኋላ ነበር፤ የመንገድ ዳር ፈንጂውም አብሮ በዛ። አሜሪካኖች በሺዎች የሚቆጠሩ ጃመሮችን ተሽከርካሪ ላይ ጫኑ። በፈረንጆቹ 2006 ለዚሁ ጉዳይ ብቻ የቆመ መሥሪያ ቤት እስከ ማቋቋም ደረሱ።

ጃመር ግን ሁሉን አይፈታም። የሬዲዮ መንገድ ሲዘጋባቸው ጠማጆቹ ሬዲዮ ወደማይፈልግ ዘዴ ዞሩ። ስለዚህ ሁለተኛው መከላከያ፣ እኔ የበለጠ የማምነው፣ የሰው ዓይን ነው። አዲስ የተቆፈረ አፈር፣ ትናንት ያልነበረ የድንጋይ ክምር፣ ከድልድይ ሥር የወጣ ገመድ፣ ሁልጊዜ ሰው የሚበዛበት መንገድ በድንገት ጭር ማለቱ። ወታደሩ ይህን እንዲያይ ይሠለጥናል። በተባበሩት መንግሥታት የፈንጂ ጉዳይ አገልግሎት በኩልም የአፍሪካ ኅብረት ጦር አምካኞች ሥልጠናና መሣሪያ ያገኛሉ።

እርስዎም የሚያግዙት ነገር አለ። ልጅዎ ሲደውል ‘የት ነህ? መቼ ነው የምትንቀሳቀሱት?’ ብለው አይጠይቁት። ጤናውን ይጠይቁት፣ ስለ ቤት ያውሩት። በወታደር ልብስ የተነሳውን ፎቶ ቦታ ጠቅሰው ፌስቡክ ላይ አይለጥፉ፤ ዘመድም እንዳይለጥፍ ይንገሩ። የአጀብ ጉዞ ሰዓት ማወቅ ለጠማጅ ትልቅ ሀብት ነው።

ጥያቄ፦ ሞባይል ሻጭ ነኝ። ፒያሳ የነበረው ሱቄ በኮሪደር ልማቱ ሲነሳ ወደ ቸርችል ጎዳና አካባቢ ወረድኩ። ስልኩ ፈንድቶ ከተበታተነ በኋላ ፖሊስ በምን ይደርስበታል? እኛ ሻጮችስ ምን እናድርግ? ደንበኛ ‘ደረሰኝ አልፈልግም፣ ቀንስልኝ’ ሲለኝ እቀንስለታለሁ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ያቺ የማይቆረጥ ደረሰኝ ናት ነገሩን የምታበላሸው። ለምን እንደሆነ ልንገርዎ።

ስልክ ሁለት መለያ ይዞ ነው የሚንቀሳቀሰው። አንዱ የቀፎው ነው፤ አይኤምኢአይ የምንለው 15 አሃዝ። *#06# ሲጽፉ ይወጣል፤ ካርቶኑም ላይ አለ። የመጀመሪያዎቹ 8 አሃዞች ሞዴሉን ይናገራሉ፤ ቀጣዮቹ 6 የዚያን ቀፎ ተራ ቁጥር፤ የመጨረሻው ማረጋገጫ ነው። ሌላው የሲሙ ነው። ሲሙ ውስጥ ያለው መለያ የኢትዮጵያ ከሆነ በ636 ይጀምራል። ስልክ ማማ ላይ ሲመዘገብ ሁለቱ ቁጥሮች አብረው ይታያሉ፤ ሰዓቱና ማማውም ይያዛል።

ፍንዳታ ቦታ ላይ መርማሪ ተንበርክኮ ስባሪ ይለቅማል። የሰርኪት ሰሌዳ ቁራጭ፣ የቺፕ ፍርፋሪ፣ የቀፎ ሽፋን። ከዚያ ሞዴሉ ይታወቃል። ዕድል ካለ ደግሞ ሳይፈነዳ የቀረ ይገኛል። የማድሪዱ ጉዳይ እንዲህ ነው የተጀመረው።

መጋቢት 2 ቀን 1996 ዓ.ም. ማለዳ ማድሪድ ውስጥ 4 ባቡሮች ላይ 10 ቦምቦች ፈነዱ። ከ190 በላይ ሰው ሞተ፤ አብዛኛው ወደ ሥራና ወደ ትምህርት ቤት የሚሄድ ነበር። የተጎጂዎች ንብረት ተሰብስቦ ቫዬካስ ወደሚባል ሰፈር ፖሊስ ጣቢያ ተወሰደ። ሌሊት ዕቃው ሲለይ አንድ ቦርሳ ውስጥ ያልፈነዳ ቦምብ ተገኘ፤ ስልክና ሲም ካርድም አብሮ። አምካኙ ባለሙያ በአንድ መናፈሻ ውስጥ በእጁ አመከነው። ያ ሰው ያንን ሌሊት ባይሠራ ኖሮ ዱካው ሁሉ በጠፋ ነበር። ሲሙ ላቫፒዬስ ሰፈር ወዳለች ትንሽ የስልክ ሱቅ መራ። ጥቃቱ ከደረሰ በሁለተኛው ቀን ሰዎች ተያዙ። ከዚያው ጥቅል የተሸጡ ሌሎች ሲሞችም ተፈለጉ። ከጥቃቱ በፊት በነበረው ቀን ሞራታ ዴ ታሁኛ የምትባል መንደርን በሚሸፍን ማማ ሥር ተከፍተው ተገኙ። ቡድኑ የገጠር ቤት የያዘው እዚያው ነበር።

እንግዲህ ይህ ሁሉ የተገኘው ‘ይህ ጥቅል ለዚህ ሱቅ ተሸጠ’ ከሚል የጅምላ ነጋዴ መዝገብ ነው። ስፔን ውስጥ ያኔ ቅድመ ክፍያ ሲም ያለ መታወቂያ ይሸጥ ነበር። አገሪቱ በ2007 በፈረንጆቹ ሕግ አውጥታ ምዝገባ ግዴታ አደረገች። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከተያዙት ውስጥ ስልክና ካርድ የሸጡ ነጋዴዎች ነበሩበት፤ በኋላ ተለቀዋል። ለአንድ ነጋዴ ግን ‘በኋላ’ የሚባለው ጊዜ ረጅም ነው።

ሁለተኛው ምሳሌዬ ቤይሩት ነው፤ ይህን ታሪክ ሳነብ ሁልጊዜ ልቤ ይነካል። የካቲት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. የቀድሞው የሊባኖስ ጠቅላይ ሚኒስትር ራፊቅ ሃሪሪ መንገድ ላይ በፈነዳ ከባድ ቦምብ ከሌሎች 21 ሰዎች ጋር ተገደሉ። እዚያ ስልክ የማፈንጃ ሥራ አልሠራም፤ የገዳዮቹ መገናኛ ነበር። ዊሳም ኢድ የሚባል የሊባኖስ ፖሊስ ሻምበል፣ የኮምፒውተር መሐንዲስ፣ የአካባቢውን ማማዎች የጥሪ መዝገብ ይዞ ተቀመጠ። የሠራው የድሮ አባቶቻችን አውጫጭኝ ዓይነት ነው። በአካባቢው የነበረውን ስልክ ሁሉ ሰብስቦ ‘አንተ የማን ነህ? ከማን ጋር ነበርክ?’ ማለት። መጨረሻ ላይ እርስ በርስ ብቻ የሚደዋወሉ 8 ስልኮች ወጡ። ለእናት አይደውሉ፣ ለሚስት አይደውሉ። ሃሪሪ የሄዱበትን ይከተላሉ። ከፍንዳታው ጥቂት ደቂቃዎች በፊት ዝም አሉ፤ ከዚያ ወዲያ ተከፍተው አያውቁም። መርማሪዎች ደግሞ ከነዚህ ጋር ከሰፈር ሰፈር አብረው የሚዞሩ የግል ስልኮችን ፈለጉ። ስሞቹ የመጡት ከዚያ ነው።

ሻምበሉ ፍርዱን አላየም። ጥር 16 ቀን 2000 ዓ.ም. በመኪና ቦምብ ተገደለ። ልዩ ፍርድ ቤቱ በነሐሴ 2012 ከ4ቱ ተከሳሾች አንዱን ብቻ በሌለበት ጥፋተኛ አለ፤ በይግባኝ በ2014 ሁለት ተጨመሩ። ይህን የምጠቅሰው በምክንያት ነው። ስልክ እዚህ ነበር ማለትና እገሌ ይዞት ነበር ማለት አንድ አይደለም። ዳኞቹ ለዓመታት የተከራከሩት በዚህ ላይ ነው፤ መከራከራቸውም ትክክል ነበር። መዝገብ ሲመረመር በፍርድ ቤት ትእዛዝ መሆን አለበት የምለውም ለዚህ ነው። ያለዚያ የማንም ጎረቤት የማንንም ጥሪ ይበረብራል።

ለእርስዎ የምመክረው ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ ቀፎ ደረሰኝ ይቁረጡ፤ አይኤምኢአዩን ደረሰኙ ላይ ይጻፉ። ያገለገለ ስልክ ከሰው ሲገዙ የሻጩን መታወቂያ ኮፒ ይያዙ። አንድ ሰው ብዙ ርካሽ ቀፎ በአንድ ላይ፣ ካርቶን ሳይፈልግ፣ ዋጋ ሳይከራከር ሲገዛ ልብ ይበሉ። ደረሰኝ አልፈልግም ላለውም ዋጋ አይቀንሱ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ለገሃር አካባቢ በግንባታ ሥራ ላይ ነው ያለሁት። ከዓመት በፊት አብሮኝ የሚሠራ ልጅ መታወቂያ የለኝም ብሎ ለመነኝና በስሜ ሲም አወጣሁለት። ልጁ ሥራውን ለቆ ሄደ። የጻፉትን ሳነብ ፈራሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ልጄ፣ ያደረግከው በደግነት ነው፤ ልጁም ሰላማዊ ሰው ሊሆን ይችላል። ግን በዚያ ቁጥር አንድ ክፉ ነገር ቢሠራበት መጀመሪያ የሚንኳኳው ያንተ በር ነው። ስለዚህ በዚህ ሳምንት፣ እረፍት በምትወጣበት ቀን፣ ጨርሰው።

መታወቂያህን ወይም ፋይዳህን ይዘህ አገልግሎት ማዕከል ሂድ። ‘በስሜ የተመዘገቡ ቁጥሮች በሙሉ ይነገሩኝ’ በል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ኦፕሬተሮቹ ሁለት ናቸው፤ ስለዚህ በ09 የሚጀምረውንም በ07 የሚጀምረውንም ቤት ጠይቅ። አንተ የማታውቀው ቁጥር ሊወጣ ይችላል፤ አትደንግጥ፣ ይዘጋልህ። ያንን ልጅ ለማግኘት ብለህ አትዘግይ። ስታገኘው በራሱ ፋይዳ ሊያወጣ እንደሚችል ንገረው። ሲሙ የተዘጋበትን ቀን የሚያሳይ ወረቀት ወይም መልእክት አስቀምጥ። የሆነ ቀን ጠያቂ ቢመጣ ‘እስከዚህ ቀን በስሜ ነበር፣ በዚህ ቀን አዘጋሁ’ የሚል መልስ ይኖርሃል።

ስልክህ ሲሰረቅም እንደዚሁ ነው። ብዙ ሰው አዲስ ሲም አውጥቶ ዝም ይላል። ለፖሊስ አመልክትና ማመልከቻህን ያዝ። መንገድ ላይ ‘ተከፍቷል፣ መታወቂያ አይጠየቅም’ እያሉ የሚሸጡትን ሲም ግን በነጻ ቢሰጡህ አትውሰድ። ያ ሲም በአንድ የማታውቀው ምስኪን ሰው ስም ነው የተከፈተው።

ጥያቄ፦ ጠጋኝ ነኝ፣ ስታዲየም ዙሪያ። ደንበኞች አይኤምኢአይ ቀይርልን ይላሉ። ‘የራሴ ስልክ ነው፣ ተዘግቶብኝ ነው’ ይላሉ። ጥሩ ይከፍላሉ። እምቢ ልበል?

መልስ፦ እምቢ በል፣ ወንድሜ። በእውነት የራሱ ከሆነ ደረሰኝና ካርቶን ይዞ ወደ ኦፕሬተሩ ይሄዳል፤ አንተ ጋ የሚያመጣው ምክንያት የለውም። ቁጥሩን ስትቀይር በትንሹ ሌባን ታግዛለህ። በትልቁ ደግሞ ከላይ የጻፍኩትን ዱካ ታጠፋለህ። የሞተ ሰው ቤተሰብ ገዳዩን የሚያውቅበት አንድ ቁጥር ነው እኮ። የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004ንም አንብበው። ላፕቶፕህ ላይ ያለውን የመቀየሪያ ፕሮግራም አጥፋው፤ ሲኖር ይፈትናል።

ጥያቄ፦ የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ሲኖር በእኛ ሰፈር፣ ካሳንቺስና መስቀል አደባባይ መካከል፣ ስልክ ይቆራረጣል። ጃመር ነው? ደግሞስ የቦምብ ስጋት ሲኖር የከተማውን ኔትወርክ ሙሉ በሙሉ መዝጋት አይሻልም?

መልስ፦ የአገር መሪዎች አጀብ ጃመር ይዞ መሄዱ በብዙ አገር የተለመደ ነው። ግን የጃመር ምልክቱ ፈጥኖ ማለፉ ነው። መኪኖቹ ሲያልፉ ለአፍታ ይጠፋል፣ ይመለሳል። ለሰዓታት የሚንቀራፈፍ ከሆነ መጨናነቅ ነው። መንገድ ተዘግቶ በሺዎች የሚቆጠር ሰው አንድ ቦታ ቆሞ ሲደውል ማማው አይችልም። የደመራ ዕለት መስቀል አደባባይ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። በእንዲህ ያለ ሰዓት አጭር መልእክት ይሻላል። ጃመር ከውጭ አስመጥቼ ልጠቀም የሚል ካለ ደግሞ ያለ ፈቃድ ወንጀል ነው፤ ከጎኑ ያለ ሰው አምቡላንስ እንዳይጠራ ያደርጋል።

ሙሉ በሙሉ መዝጋትን ግን እቃወማለሁ። ሰኔ 30 ቀን 1997 ዓ.ም. ለንደን ውስጥ ባቡርና አውቶቡስ ላይ በደረሰው ጥቃት 52 ሰዎች ሞቱ። የከተማው መሃል ፖሊስ አልድጌት ጣቢያ ዙሪያ በ1 ኪሎ ሜትር ውስጥ የአንዱን ኩባንያ ኔትወርክ ለተፈቀደላቸው ስልኮች ብቻ እንዲሆን አዘዘ። ጠቅላላ ሥራውን የሚያስተባብረው ቡድን ግን እንዳይዘጋ ወስኖ ነበር። በኋላ የለንደን ምክር ቤት ኮሚቴ ጉዳዩን መርምሮ ነቀፈው። በኔትወርኩ የሚደዋወሉት እነማን ነበሩ? ልጇ ያንን ባቡር ይሳፈር እንደሆነ የምትፈልግ እናት፣ ፍርስራሽ ሥር ያለ ቁስለኛ፣ ቀጠሮ ላይ ያልደረሰ ሐኪም። ለመርማሪም ቢሆን ክፍት የሆነ ኔትወርክ መዝገብ ይተዋል፤ የተዘጋ ምንም አይተውም። አንድ ጠባብ ቦታ ላይ፣ አምካኞች በሚሠሩበት ሰዓት፣ ለደቂቃዎች ማፈን ሌላ ነገር ነው። እሱ ሕይወት ያድናል።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ሜክሲኮ ላይ ሚኒባስ ረዳት ነኝ። ሰው ቦርሳ ረስቶ ይወርድና ውስጡ ስልክ ይጮሃል። ላንሳው?

መልስ፦ ልጄ፣ አብዛኛው የተረሳ ቦርሳ የተረሳ ቦርሳ ነው። ባለቤቱን ካየኸው፣ ተማሪ መሆኗን፣ የት እንደተሳፈረች ካወቅህ፣ ሮጠህ ጥራት። ማን እንደተወው የማይታወቅ ከሆነ ግን አትክፈተው፣ አታንቀሳቅሰው፣ የሚጮኸውንም ስልክ አታንሳ። ሹፌሩን አስቁም፣ ሰው ይውረድ። እኛ አገር አንድ ነገር ሲፈጠር ሰው ይከባል፤ አንተ በትንሹ 100 ሜትር አርቃቸው፣ መስታወት ካለበት ሕንፃ ሥርም እንዳይቆሙ። ስልክህን የምታነሳው ከራቅህ በኋላ ነው። 991 ደውል፣ ወይም ቅርብ ያለውን ትራፊክ ፖሊስ ጥራ። የመኪናውን ታርጋ፣ የቦርሳውን ቀለም፣ የትኛው ወንበር ሥር እንዳለ፣ የት ፌርማታ ላይ የተቀመጠው ሰው እንደወረደ ንገራቸው። እስኪመጡ ድረስ ማንም ወደ መኪናው አይመለስ፤ ሂሳብ ረሳሁ የሚለውም ቢሆን።